መንግሥት ጧሪ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል እርስ በርሳቸው የሚያያዙትን መርጠን በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል። ረዘም ካሉት ደብዳቤዎች ዋናውን ሐሳብ ብቻ ወስደናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጡረታን ሥርዓት የጀመረው የጀርመኑ ቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ እንደሆነ፣ የጡረታ ዕድሜም 65 ዓመት የተባለው በዚያን ጊዜ የእርሱ ዕድሜ 65 ስለነበረ እንደሆነ በተደጋጋሚ ሲነገር እሰማለሁ። ይህ እውነት ነውን? ደግሞስ በወግ አጥባቂነቱ የሚታወቅ መሪ ስለ ሠራተኞች እርጅና ሊጨነቅ የቻለው ከምን ተነሥቶ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው በመጠኑ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ተረት ነው። የጀርመን ፓርላማ በ1889 አጽድቆት ከ1891 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአካል ጉዳትና የእርጅና መድን ሕግ የወሰነው የጡረታ ዕድሜ 70 ዓመት ነበር። ቢስማርክ በ1815 የተወለደ በመሆኑ ሕጉ ሲጸድቅ 74 ዓመት ሞልቶታል። ጀርመን ዕድሜውን ወደ 65 ዝቅ ያደረገችው በ1916 ሲሆን፣ ቻንስለሩ በዚያን ጊዜ ከሞተ 18 ዓመት አልፎት ነበር። እንዲያውም ሕጉ በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት ይበልጥ የጠቀመው አረጋውያንን ሳይሆን፣ ዕድሜያቸው ገና ሳይደርስ ጤናቸውን ወይም አካላቸውን አጥተው መሥራት ያቃታቸውን ሠራተኞች ነው፤ በማዕድን ጉድጓድና በብረት ማቅለጫ ጉልበቱን ከጨረሰ ሠራተኛ መካከል ሥራ ላይ እያለ 70 ዓመት የሚሞላው ከስንት አንዱ ነበርና።

ስለ ምክንያቱ የጠየቁት ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ቢስማርክ በ1878 የሶሻሊስቶችን ማኅበራት፣ ስብሰባዎችና ጋዜጦች የሚያግድ ሕግ አስወጥቶ ነበር። እገዳው ብቻውን ሠራተኛውን ከእነርሱ እንደማያርቀው ለመረዳት ግን ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በ1881 በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልም ስም ለፓርላማው የቀረበው መልእክት በሕመም፣ በሥራ ላይ አደጋና በእርጅና ለሚጎዱ ሠራተኞች መድን እንደሚቋቋም አስታወቀ፤ ቃሉም በ1883 በሕመም መድን፣ በ1884 በአደጋ መድን፣ በመጨረሻም በ1889 በእርጅና መድን ተፈጸመ። ስሌቱ፣ ነገ ከመንግሥት እጅ የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ዛሬ መንግሥትን ለመገልበጥ አይነሣም የሚል ነበር። ቢስማርክ ውለታው ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆኖ እንዲታይ ወጪውን ሊያቋቁም ካሰበው የትምባሆ ሞኖፖል ገቢ ለመሸፈን ፈልጎ የነበረ ቢሆንም ፓርላማው አልተቀበለውም። በመጨረሻ የተስማሙበት መንገድ ሠራተኛውና አሠሪው እኩል እንዲያዋጡ፣ መንግሥት ደግሞ በእያንዳንዱ ጡረታ ላይ በዓመት 50 ማርክ እንዲጨምር ነው። የፖለቲካው ስሌት አልሠመረለትም፤ በ1890 ምርጫ የሶሻሊስቶቹ ፓርቲ፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ ከየትኛውም ፓርቲ የበለጠ ድምፅ ሲያገኙ፣ እርሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ። የመድኑ ሥርዓት ግን ከእርሱም፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም አልፎ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ይሁንና ከአንድ መሪ ስሌት በስተጀርባ ማንም መሪ ያልፈጠረው ለውጥ ነበር። የራሱን መሬት የሚያርስ ሰው ሲያረጅ ሥራውን በአንድ ቀን አያቆምም፤ ጉልበቱ በደከመ ቁጥር ከባዱን ለልጆቹ እየለቀቀ፣ ቀላሉን እየያዘ ይኖራል፤ መሬቱ በእጁ እስካለ ድረስም ቃሉ ይሰማል። ጉልበቱን በደመወዝ የሚሸጥ ሰው ግን ወይ ሙሉ ሠራተኛ ነው ወይ ምንም አይደለም። የፋብሪካው በር ሲዘጋበት፣ የተዘጋው በእርጅናው ይሁን በገበያ መቀዝቀዝ፣ ገቢው የሚቋረጠው በዚያው ሳምንት ነው። እርጅናና ሥራ አጥነት በአንድ ዘመን የመንግሥት ጉዳይ የሆኑት ሁለቱም ከዚሁ የደመወዝ ኑሮ በመመንጨታቸው ነው።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ አገሮች አረጋውያን አንድም ሳንቲም ሳያዋጡ ጡረታ ይከፈላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። መዋጮ ከሌለበት ያ ምጽዋት እንጂ ጡረታ ሊባል ይችላልን?

መልስ፦ ቃሉ ራሱ አይከለክልም። ጡረታ የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ከ«ጧሪ ቀባሪ»ው ጧሪ ጋር አንድ ሥር አለው። ጧሪ የሚባለው ደግሞ ደካማን የሚደግፍ እንጂ የተቀመጠ ገንዘብ የሚመልስ አይደለም። ጥያቄዎ የሚነካው ነጥብ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣ ነው፤ ገንዘቡ ከየት ተሰበሰበ የሚለው ተቀባዩ በምን ዓይን እንደሚታይ ይወስናልና።

ዴንማርክ ከጀርመን ሁለት ዓመት ብቻ ዘግይታ በ1891 ፍጹም የተለየ መንገድ ያዘች። ዕድሜያቸው 60 ዓመት ለሞላና ችግረኛ መሆናቸው ለተረጋገጠ ሰዎች ያለ መዋጮ፣ ከግብር በተሰበሰበ ገንዘብ እርዳታ እንዲሰጥ ደነገገች። ኒውዚላንድ በ1898 ተከተለች፤ 65 ዓመት ለሞላቸው፣ በአገሪቱ 25 ዓመት ለኖሩ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና «መልካም ጠባይ» ላላቸው በዓመት እስከ 18 ፓውንድ ትከፍል ጀመር። የጠባዩ ነገር የይስሙላ አልነበረም፤ በስካር፣ በወንጀል ወይም ቤተሰብን ጥሎ በመሄድ የሚታወቅ ሰው ሊከለከል ይችል ነበር። ቻይናውያን ደግሞ ጠባያቸው ምንም ይሁን ምን ከሕጉ ውጪ ተደርገዋል። መንግሥት ጧሪ ሲሆን ማንን እንደ ራሱ ሰው እንደሚቆጥር በዚያው ይገለጣል።

ብሪታንያ በ1908 ያወጣችው ሕግ የዚሁ ወገን ነው፤ ትርጉሙ የሚገባው ግን ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ሲታወቅ ነው። ከ1601 ጀምሮ ችግረኛን የመርዳት ግዴታ የየአጥቢያው ነበር። በ1834 ሕጉ ሲሻሻል፣ እርዳታ የሚቀበል ሰው ኑሮ ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የባሰ መሆን አለበት የሚል መርህ ተተከለ፤ እርዳታ የፈለገ ጤነኛ ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ድሆች የሥራ ቤት እንዲገባ ይደረግ ጀመር። እዚያም ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ የራስ ልብስ ተወስዶ የተቋሙ ልብስ ይሰጣል። መርሁ የተነደፈው መሥራት እየቻለ የማይሠራውን ለማስፈራራት ነበር፤ እየዋለ እያደር ግን ቤቶቹን የሞሉት አረጋውያንና ሕሙማን ሆኑ። ቻርልስ ቡዝ በለንደን ድህነት ላይ ለዓመታት ባካሄደው ጥናት ከድህነት ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ስንፍና ሳይሆን እርጅና መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ ለአረጋውያን ሁሉ ያለ መዋጮ ጡረታ እንዲከፈል ተሟገተ።

የ1908ቱ ሕግ የቡዝን ያህል ለጋስ አልነበረም። 70 ዓመት ለሞላቸውና የዓመት ገቢያቸው ከ21 ፓውንድ ላልበለጠ ሰዎች በሳምንት 5 ሺሊንግ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ገቢ ላላቸው እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። በዚህ ገንዘብ ብቻ ሰው ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው፣ ከ1909 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ገንዘቡ ይከፈል የነበረው በድሆች ቢሮ ሳይሆን በፖስታ ቤት ነው፤ አረጋዊው የሚሰለፈው ደብዳቤ ከሚልክና ቴምብር ከሚገዛ ማንኛውም ሰው ጋር ነበር። ሁለተኛው፣ ሳምንታዊ ገቢ ያላት አሮጊት በልጇ ቤት ሸክም መሆኗ ቀረ፤ እርሷን ማስጠጋት ለድሃ ቤተሰብም የሚቻል ሆነ። በዚህ ላይ ከተቀባዮቹ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው መታወስ አለበት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ የኖሩት እነዚህ ሴቶች በጀርመኑ መንገድ ቢሆን ኖሮ ምንም ስላላዋጡ በራሳቸው ስም ምንም ባላገኙ ነበር። ስለዚህ «ያለ መዋጮ» የሚለውን «ያለ ሥራ» ብሎ መረዳት ስሕተት ነው።

የመዋጮው መንገድ ደግሞ የራሱ ብርታት አለው። ያዋጣ ሰው ሲቀበል አይሸማቀቅም፤ ቢሮውም ጓዳውን ሊፈትሽ አይመጣም። ጉድለቱ ደመወዝ የሌለውን ሁሉ ማስቀረቱ ነው። በግብር የሚከፈለው እርዳታ ሁሉን ሊያቅፍ ሲችል፣ በገቢ ማጣሪያ፣ ማለትም የጠያቂውን ድህነት በመመርመር፣ ከታጠረ ግን ወደ አሮጌው የድሆች ቢሮ መልሶ የሚያዘነብል ይሆናል። በእኔ ግምት ከሁለቱ አንዱን መርጦ የተሳካለት አገር የለም፤ ቆየት ያሉት ሥርዓቶች ሁሉ ሁለቱን ቀላቅለዋል።

ጥያቄ፦ የጡረታ ሕግ በ1889 ከወጣ ለሥራ አጦች የሚሰጠው ድጋፍ ይህን ያህል የዘገየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እርጅና በሒሳብ ሊያዝ ይችላል፤ ስንት ሰው በየትኛው ዓመት 70 እንደሚሞላው አስቀድሞ በግምት ይታወቃል። ሥራ አጥነት ግን እንደ ወረርሽኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመታል፤ መዋጮው የሚነጥፈውም ክፍያው የሚበዛውም በአንድ ወር ነው። ከዚህ የባሰው ችግር ግን የአመለካከት ነበር። በቋንቋችን «ሥራ ፈት»ና «ሥራ አጥ» የሚባሉት ሁለት ቃላት በፍርዳቸው ይራራቃሉ፤ አንደኛው ሰውየውን ይወቅሳል፣ ሌላው ስለ ጎደለበት ነገር ይናገራል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ሕግ በአመዛኙ የሚያውቀው ሥራ ፈትን ብቻ ነው። ሠርቶ አዳሪው ያለ ጥፋቱ ሥራ ሊያጣ እንደሚችል ሕግ ሆኖ እስኪጻፍ ድረስ መድኑ ሊታሰብ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የከተሞች ናቸው። የስዊዘርላንዷ ሳንክት ጋለን በ1895 የግዴታ የሥራ አጥነት መድን አቋቁማ በሁለት ዓመቷ ዘጋችው፤ ሥራው የማይቋረጥበት ሠራተኛ በየክረምቱ ሥራ ለሚያቆመው የግንባታ ሠራተኛ ለምን እከፍላለሁ ብሎ አጉረመረመ። የቤልጂየሟ ጌንት በ1901 ብልህ መንገድ አገኘች። ከተማዋ ራሷ መድን ሰጪ ከመሆን ይልቅ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ለሥራ አጥ አባሎቻቸው በሚከፍሉት ላይ ድጎማ ትጨምር ጀመር። ሰውየው በእውነት ሥራ ያጣ መሆኑን ከሙያ ጓደኞቹ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ቁጥጥሩም በማኅበሩ እጅ ቀረ። የዴንማርክና የስዊድን የሥራ አጥነት መድን እስከ ዛሬ የዚህን መንገድ ፈለግ ይዟል።

በአገር ደረጃ የግዴታ መድን ያቋቋመችው የመጀመሪያዋ ብሪታንያ ናት። የ1911ዱ ሕግ ሥራ የሚዋዥቅባቸውን ጥቂት ዘርፎች፣ ማለትም ግንባታን፣ የመርከብና የማሽን ሥራን፣ የብረት ማቅለጥንና የመሳሰሉትን በመምረጥ ሁለት ሚሊዮን ከሩብ ያህል ሠራተኞችን አቀፈ። ሠራተኛው በሳምንት ሁለት ፔኒ ተኩል፣ አሠሪው እንዲሁ ሁለት ፔኒ ተኩል ያዋጣሉ፤ መንግሥት ከራሱ ይጨምራል። ሥራ ያጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ከታገሠ በኋላ በሳምንት 7 ሺሊንግ፣ በዓመት ቢበዛ ለ15 ሳምንታት ይቀበላል። በዚያን ጊዜ የንግድ ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችልና የሥራ አጥነትን ችግር ያጠና የነበረው ወጣቱ ዊልያም ቤቨሪጅ ጥቂት ቀደም ብለው ያቋቋሟቸው የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮዎች ለዚህ መሠረት ሆኑ፤ ሥራ ፈላጊው በየጊዜው እየቀረበ ስለሚፈርም ሥራ ፈትና ሥራ አጥ የሚለዩት በምርመራ ሳይሆን ቢሮው ሥራ ሲያቀርብለት በሚሰጠው መልስ ነበር።

ይህ ሁሉ የታሰበው ለአጭር ጊዜ ሥራ ማጣት ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ግን የዓመታት ሥራ ማጣት ነው። መድኑ በ1920 ወደ አብዛኛው ሠራተኛ እንደተስፋፋ ወዲያው ቀውሱ ደረሰበትና ፈንዱ በዕዳ ተዘፈቀ። ጀርመንም በ1927 ተመሳሳይ ሕግ ካወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ገጠማት። የዚህ ድጋፍ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 1930 የጀርመን ጥምር መንግሥት የፈረሰው የሥራ አጥነት መድን መዋጮ በግማሽ ከመቶ ይጨመር አይጨመር በሚለው ክርክር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በፓርላማ አብላጫ ድምፅ የሚደገፍ መንግሥት ሳይመለስ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በነሐሴ 1931 ደግሞ የብሪታንያ የሌበር (የሠራተኛ) ፓርቲ መንግሥት ለሥራ አጦች በሚከፈለው ላይ 10 ከመቶ ለመቀነስ ሲጠየቅ ተከፋፍሎ ወደቀ። ከዚያ የመጣው የቤተሰብ ገቢ ማጣሪያ የብዙ ሰው ቁስል ሆኖ ቀረ። የሚሠራ ልጅ ደመወዝ በአባቱ ላይ ስለሚታሰብ፣ የአባት ድጎማ እንዳይቆረጥ ልጅ ከቤት ወጥቶ የሚከራይበት ጊዜ ሆነ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ (ማኅበራዊ ዋስትና) አመጣጥስ? ከአውሮፓ የዘገየው ለምን ነበር?

መልስ፦ አሜሪካ ጡረታ አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በ1910 ገደማ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነ ወንዶች ከአራቱ አንዱ የሚበልጡት የእርስ በርሱ ጦርነት ዘማች በመሆናቸው ከፌዴራል መንግሥቱ ጡረታ ያገኙ ነበር። ሆኖም አሰጣጡ የምርጫ ድምፅ መግዣ ሆኗል ተብሎ ስለተጠላ፣ ብዙ የለውጥ አራማጆች አዲስ ጡረታ ለመጀመር ፈሩ። ሁኔታውን የለወጠው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ሆነ፤ ባንኮች ሲወድቁ የአረጋውያን ቁጠባ አብሮ ጠፋ። ፍራንሲስ ታውንሴንድ የተባለ የካሊፎርኒያ ሐኪም፣ 60 ዓመት ለሞላው ሁሉ በወር 200 ዶላር ይሰጥ፤ ተቀባዩም ሥራ ይተው፣ ገንዘቡንም በ30 ቀን ውስጥ አጥፍቶ ይጨርስ የሚል ዕቅድ ይዞ ተነሣ። በሒሳብ የማያስኬድ ነበር፤ ሚሊዮኖች ግን ከጎኑ ቆሙ። የቢስማርክ ዘመን ነገር በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው፤ መንግሥት የራሱን ዕቅድ ያፋጠነው የባሰው እንዳይመጣ በመሥጋት ጭምር ነው።

የሥራ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ የመራችው ኮሚቴ ያዘጋጀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በነሐሴ 14 ቀን 1935 ፈረመ። ሕጉ ጠያቂያችን እንደ አንድ ነገር የሚያየውን በሦስት ይከፍለዋል። ለችግረኛ አረጋውያን ግዛቶች የሚሰጡትን እርዳታ የፌዴራል መንግሥቱ ግማሹን ይሸፍናል፤ በመዋጮ ላይ የቆመው የእርጅና ጡረታ ከሠራተኛውና ከአሠሪው ከደመወዝ አንድ አንድ ከመቶ እየተቆረጠ ከ1937 ይጀምራል፤ የሥራ አጥነቱ ክፍል ደግሞ በግዛቶች እጅ ይሆናል። ዊስኮንሲን በ1932 የራሷን የሥራ አጥነት ሕግ ያወጣች ብቸኛዋ ግዛት ነበረች። ሌሎቹ አሠሪዎቻችን ወደ ጎረቤት ግዛት ይሸሻሉ ብለው ይፈሩ ስለነበር፣ ሕጉ በየግዛቱ ባሉ አሠሪዎች ላይ የፌዴራል ግብር ጣለና የራሱ የሥራ አጥነት መድን ባለው ግዛት የሚገኝ አሠሪ ከዚያ ግብር እስከ 90 ከመቶ እንዲቀነስለት አደረገ። ሕግ ያላወጣ ግዛት ገንዘቡ ዝም ብሎ ወደ ዋሽንግተን ስለሚሄድበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም አወጡ።

የጎደለውንም መናገር ያስፈልጋል። የግብርና ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ከጡረታውም ከሥራ አጥነት መድኑም ውጪ ተደረጉ። በዚያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች በብዛት የተሰማሩት በእነዚሁ ሁለት ሥራዎች ስለነበር፣ ያስቀረው የአስተዳደር ችግር ነው ወይስ የደቡብ ግዛቶች ፖለቲከኞች ፍላጎት የሚለው እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ውጤቱ የወደቀው በእነርሱ ላይ ነው። አብዛኞቹ በጡረታው የታቀፉት በ1950ና በ1954 በተደረጉ ማሻሻያዎች ነው።

ጥያቄ፦ በየወሩ የሚቆረጥብኝ መዋጮ በስሜ ተቀምጦ ይጠብቀኛል?

መልስ፦ በአብዛኞቹ አገሮች እንደዚያ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው የሚያዋጣው ዛሬ ጡረታ ለወጣው ይከፈላል። የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ወርኃዊ ጡረተኛ፣ የቬርሞንቷ አይዳ ሜይ ፉለር፣ ያዋጣችው በሦስት ዓመት ውስጥ 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። በጥር 1940 የደረሳት የመጀመሪያ ቼክ ብቻ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ሲሆን፣ መቶ ዓመት ኖራ በ1975 እስክትሞት ድረስ በድምሩ ከ22 ሺህ 800 ዶላር በላይ ተቀብላለች። ልዩነቱን የከፈሉት ከእርሷ በኋላ የመጡት ሠራተኞች ናቸው። በስም ማስቀመጥም ዋስትና እንዳይመስልዎ፤ የጀርመን የመድን ተቋማት ያከማቹትን ሀብት የ1923ቱ የዋጋ ንረት በወራት ውስጥ ዋጋ ቢስ ሲያደርገው፣ ሥርዓቱ የተረፈው ክፍያውን ከዕለቱ መዋጮና ከመንግሥት ድጎማ ለማድረግ በመቻሉ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው ድጋፍ ሠራተኛን አያሰንፍም? ልጆችስ ወላጆቻቸውን መጦር እንዲተዉ አያደርግም?

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተነሡ ናቸው፤ ብዙም ተጠንተዋል። ስለ ሥራ አጦች ጥናቶች በአመዛኙ የሚያሳዩት፣ ክፍያው ከፍ ሲልና ሲራዘም ሰዎች ሥራ ለመያዝ በመጠኑ እንደሚዘገዩ ነው። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መዘግየቱ ሁሉ ስንፍና አይደለም፤ የተካነ አናጢ የሚበላው ስላጣ ብቻ በማግሥቱ በቀን ሠራተኛነት ቢገባ ሙያውም ደመወዙም ይባክናል። ሥራ በጠፋበት ዘመን ደግሞ ድጎማውን መቁረጥ የሌለ ሥራ አይፈጥርም። በተጨማሪ፣ ይህ ገንዘብ በቀውስ ጊዜ ማንም ሳያዘው በራሱ ይጨምራል፤ ሥራ ያጡት መግዛት ስለማያቆሙ ነጋዴውና አምራቹም ተከትለው አይወድቁም። የ1930ዎቹ ውድቀት በኋለኞቹ ቀውሶች በዚያው ስፋት ያልተደገመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በእርጅና ረገድ ውጤቱ የጎላ ነው። በአሜሪካ በ1959 ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑት 35 ከመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥሩ በ10 ከመቶ አካባቢ ነው። ልጆች መጦራቸውን ትተዋል ወይ ለሚለው ግን የደቡብ አፍሪካ ታሪክ የተሻለ ያስተምራል። አገሪቱ ያለ መዋጮ የሚሰጥ ጡረታ በ1928 ስትጀምር ጥቁሮችን አግልላ ነበር፤ በ1944 ብታካትታቸውም የሚከፈላቸው ከነጮች እጅግ ያነሰ ሆኖ ቆይቶ፣ የተስተካከለው አፓርታይድ ሊያበቃ ሲል በ1993 ነው። ጭማሪው እንደመጣ ኢኮኖሚስቷ ኤስተር ዱፍሎ ባደረገችው ጥናት፣ ጡረታ ከምታገኝ ሴት አያት ጋር የሚኖሩ ልጃገረዶች የክብደትና የቁመት ዕድገት ተሻሽሏል፤ ገንዘቡ በወንድ አያት እጅ ሲገባ ግን ያ ለውጥ አልታየም። ተጧሪዋ ራሷ ጧሪ ሆነች ማለት ነው። በበለጸጉት አገሮች በእርግጥ አረጋውያን ከልጆቻቸው ተለይተው የመኖራቸው ነገር ጨምሯል። ይህን ልጆች መተዋቸውን ብቻ አድርጎ ማየት ግን የአረጋዊውን ፈቃድ መርሳት ነው፤ አቅም ካገኙ በኋላ በራሳቸው ቤት መኖርን የመረጡት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ያልተሳካውንም ልጥቀስ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት ለወጣቱ ቦታ ይለቀቃል ብለው አረጋውያን ቀደም ብለው ጡረታ እንዲወጡ አበረታቱ፤ ፈረንሳይ ዕድሜውን በ1982 ባወጣችው ደንብ ወደ 60 አወረደች። አረጋውያኑ ወጡ፤ የወጣቶች ሥራ አጥነት ግን አልቀነሰም። አሁን ብዙዎቹ አገሮች ዕድሜውን መልሰው እየጨመሩ ሲሆን፣ ጀርመንና አሜሪካ በደረጃ ወደ 67 ዓመት እየሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ በራሴ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ ሁሉ ታሪክ እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ የዓለም የሥራ ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት በ2020 ከጡረታ ዕድሜ በላይ ከሆኑ የዓለም ሰዎች 77.5 ከመቶው አንድ ዓይነት ጡረታ ያገኙ ነበር፤ ሥራ አጥ ሆነው የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙት ግን 18.6 ከመቶው ብቻ ናቸው። የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በ1948 እርጅናንና ሥራ ማጣትን በአንድ አንቀጽ፣ በ25ኛው፣ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸውም በተግባር እንዲህ ተራርቀዋል። የሥራ አጥነት መድን አሠሪ፣ የደመወዝ መዝገብና የሥራ ስንብት ማስረጃ ስለሚፈልግ፣ እርስዎን ለመሰለ ሰው እስካሁን ጥሩ መላ አልተገኘለትም። ለእርጅናው ግን አሮጌው የዴንማርክ መንገድ ተመልሶ መጥቷል። ኔፓል በ1995፣ ሌሶቶ በ2004 ለአረጋውያን ያለ መዋጮ ክፍያ ጀምረዋል፤ የመነሻ ዕድሜው በኔፓል 75፣ በሌሶቶ 70 ሲሆን የገንዘቡ መጠንም ትንሽ ነበር። በሁለቱም አገሮች ለመቀበል በዋናነት የሚጠየቀው የመዋጮ ደብተር ሳይሆን ዕድሜና ዜግነት ነው።